ባይነሳስ ማን ይደርስለታል? የሩቅ ኮምፒውተርን ከርነል በጥንቃቄ መሞከር

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ማለዳ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰው ወደ ሥራው ሲሰማራ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ አንዲት አነስተኛ ፋይል ወደ ደንበኞቹ ኮምፒውተሮች ላከ። በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነበር። ኩባንያው ስህተቱን ተረድቶ ፋይሏን ያነሳት ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ግን፣ በማይክሮሶፍት ግምት መሠረት፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል በዊንዶውስ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ገጽ አሳይተው ቆሙ። በረራዎች ተሰረዙ፤ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ፤ የባንኮችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሥራ ተስተጓጎለ።

ከዚያን ቀን ክስተት ውስጥ ብዙዎችን ያስገረመ አንድ ጥያቄ አለ። ስህተቱ በ78 ደቂቃ ከታረመ፣ ብዙ ተቋማት ወደ ቀድሞ ሥራቸው ለመመለስ ስለምን ቀናት ፈጀባቸው? የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ ብቻ በአምስት ቀናት ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ በረራዎችን ሰርዟል።

መልሱ ቀላልም መራራም ነው። እርማቱ በኢንተርኔት በኩል ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። አብዛኞቹ የወደቁት ኮምፒውተሮች ግን በተነሱ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ሳይደርሱ መልሰው ይወድቁ ስለነበር ሊቀበሉት አልቻሉም። መድኃኒቱ ደጅ ቆሞ ሳለ በሽተኛው ተነስቶ በሩን መክፈት አቃተው። ስለዚህ ሰው በአካል ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር እየሄደ፣ ማሽኑን በጥንቃቄ ሁነታ እያስነሳ፣ ፋይሏን በእጁ መሰረዝ ነበረበት። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ደግሞ 48 አኃዝ ያለው የማስከፈቻ ቁጥር ፈልጎ መጻፍ ግድ ሆነ።

ጉዳቱን ይህን ያህል ያከበደው ፋይሏን ያነብ የነበረው ፕሮግራም የሚሠራበት ቦታ ነው። ፕሮግራሙ የኮምፒውተሩ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ የሚፈጠር ስህተት አንዱን ፕሮግራም ብቻ ዘግቶ አያልፍም፤ ማሽኑን እንዳለ ይጥለዋል።

ታዲያ ማንም በአጠገቡ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከርነል መቀየር ሲያስፈልግ ባለሙያዎች ምን ያደርጋሉ?

ከርነል ምንድን ነው?

ከርነል የማንኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማዕከላዊ ክፍል ነው። የትልቅ ቤት መጋቢን ይመስላል። ማኅደረ ትውስታውን ለፕሮግራሞች ያከፋፍላል፤ የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚሠራ ተራ ይሰጣል፤ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱን፣ ስክሪኑንና ሌላውን ቁስ ያዛል። ተራ ፕሮግራም ፋይል ለማንበብም ሆነ መልእክት ለመላክ ሲፈልግ በቀጥታ ወደ ጎተራው አይገባም፤ መጋቢውን ይጠይቃል።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ከርነሎች አንዱ ሊኑክስ ነው። በ1991 በጎርጎርሳውያኑ አቆጣጠር ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተጀመረው ይህ ሥራ፣ ዛሬ አብዛኞቹን የኢንተርኔት ሰርቨሮች ያንቀሳቅሳል። በእጃችን ያሉት የአንድሮይድ ስልኮችም በእርሱ ላይ የተገነቡ ናቸው። አዲስ የሊኑክስ ከርነል በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ገደማ ይወጣል፤ በመካከሉም በርካታ የማረሚያ እትሞች ይለቀቃሉ።

“የሚሠራን ነገር ለምን ይነካል?” የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ አለመንካትም የራሱ ዋጋ አለው። በ2016 በጎርጎርሳውያኑ “ደርቲ ካው” የሚል ስያሜ የተሰጠው ቀዳዳ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሲገኝ፣ ስህተቱ ከ2007 ጀምሮ በውስጡ ተደብቆ የኖረ መሆኑ ታወቀ። ቀዳዳው አነስተኛ ፈቃድ ያለው ተጠቃሚ የማሽኑ ሙሉ ጌታ እንዲሆን ያስችለው ነበር። በጥር 2018 ደግሞ “ሜልትዳውን” እና “ስፔክተር” የተባሉ የፕሮሰሰር ድክመቶች ይፋ ሲሆኑ፣ በመላው ዓለም ከርነሎችን ማደስ የግድ ሆነ። ስለዚህ ከርነል መቀየር እንደ ቤት ጥገና የማይቀር ሥራ ነው። የሚመረጠው አቀያየሩ ብቻ ነው።

የዝምታው ደቂቃ

ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ካለበት ርቆ ይገኛል። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይም ዋሽንግተን ያለ ባለሙያ የሚያስተዳድረው ማሽን በጀርመን ፍራንክፈርት በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ርቀት ግን በባሕር ማዶ ብቻ አይለካም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ሞያሌ የተተከለ የገንዘብ መክፈያ ማሽን ወይም በተራራ አናት ላይ በቆመ የስልክ ማማ ሥር ያለ ኮምፒውተርም ለጠጋኙ ሩቅ ነው። ባልተነሳ ቁጥር መኪና፣ ነዳጅና የመንገድ ቀናት ይጠይቃል።

ባለሙያው ከእንዲህ ያለ ማሽን ጋር የሚነጋገረው በኔትወርክ ነው። ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ከርነሉ ነው። ሙሉ ከርነል ለመቀየር ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት አለበት። በመጥፋትና በመነሳት መካከል ያለችው አጭር ጊዜ የዝምታ ጊዜ ናት። በዚያች ሰዓት ባለሙያው ምንም አያይም፣ ምንም ማዘዝ አይችልም። አዲሱ ከርነል ካልተነሳ፣ ስህተቱን ለማረም የሚሄድበት መንገድ ራሱ አብሮ ተቆርጧል።

በትግራይ ወደሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው ገደሉን በገመድ በመያዝ ነው። አንድ ሰው ገደሉ ሥር ሆኖ፣ አዲሱ ገመድ ክብደት መቻሉን ሳያረጋግጥ አሮጌውን ቢያስወርደው ምን ይሆናል? አዲሱ የበሰበሰ ሆኖ ቢገኝ መውጫ የለውም። የሩቅ ማሽንን ከርነል የሚቀይር ሰው የያዘው ሥራ ይህን ይመስላል። የመጀመሪያው ሕግም ከዚሁ ይወለዳል፦ አሮጌው ከርነል አይነቀልም። አዲሱ ከጎኑ ይቀመጣል፤ አሮጌውም ሙሉ በሙሉ ለመነሳት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

“ለአንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው”

ኮምፒውተር ሲበራ ከርነሉን ፈልጎ ወደ ማኅደረ ትውስታ የሚያስገባው ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ዓለም በብዛት የሚታወቀው “ግረብ” ይባላል። ይህ አስነሺ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ካሉት ከርነሎች መካከል አንዱን መደበኛ ምርጫው አድርጎ ይይዛል።

ልምድ የሌለው ሰው አዲሱን ከርነል ሲጭን ወዲያው መደበኛ ምርጫ ያደርገዋል። እንዲህ ከሆነ፣ አዲሱ ቢወድቅ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ያንኑ የወደቀውን ከርነል መልሶ ይመርጣል። ክራውድስትራይክን የገጠመው አዙሪት በመልኩ ይኸው ነበር።

ጠንቃቃው ባለሙያ ግን አሮጌውን መደበኛ ምርጫ አድርጎ ይተወዋል። ለአስነሺው ፕሮግራም የሚተውለት ማስታወሻ “በሚቀጥለው ጊዜ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲሱን ሞክር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ተመለስ” የሚል ነው። ግረብ ይህን የሚያስችል ትዕዛዝ አለው። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ተመሳሳይ መንገድ አዘጋጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ። አስነሺው ፕሮግራም ማስታወሻውን መሰረዝ ያለበት አዲሱን ከርነል ከማስነሳቱ በፊት ነው። ከርነሉ በሰላም ከተነሳ በኋላ ይሰረዝ ቢባል፣ በሰላም ባልተነሳ ጊዜ ማን ይሰርዘዋል? ማስታወሻው ቀድሞ ከተሰረዘ ግን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም መጥፋትና መነሳት ማሽኑን ወደ ታመነው ከርነል ይመልሰዋል።

ይህ መብራት በሚቆራረጥባቸው አካባቢዎችም ይጠቅማል። በሙከራው መካከል ኃይል ቢጠፋና ቢመለስ ማሽኑ የሚነሳው በአሮጌው ከርነል ነው። ባለሙያው ግን ይህን ማስታወስ አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ስለተነሳ ብቻ አዲሱ ከርነል የተሳካ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀው “አሁን የሚሠራው የትኛው ከርነል ነው?” የሚለውን ነው።

ሦስቱ የውድቀት ዓይነቶች

“ለአንድ ጊዜ ብቻ” የሚለው ማስታወሻ ዋጋ የሚኖረው ማሽኑ ከወደቀ በኋላ ዳግም ከተነሳ ነው። ወድቆ ዝም ካለ ማስታወሻው ብቻውን አያድነውም። አዲስ ከርነል ደግሞ በሦስት መንገድ ሊወድቅ ይችላል፤ ሦስቱም የየራሳቸው መከላከያ አላቸው።

የመጀመሪያው በግልጽ መውደቅ ነው። ከርነሉ ሊያልፈው የማይችለው ስህተት ሲያጋጥመው “ፓኒክ” ወደሚባል ሁኔታ ይገባል፤ ድንጋጤ እንደ ማለት ነው። የስህተቱን መልእክት ስክሪኑ ላይ ጽፎ ሥራውን ያቆማል። የሊኑክስ ከርነል የተለየ ትዕዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር እዚያው እንደቆመ ይቀራል። ይህ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ሰው ተቀምጦ ሲሆን መልካም ነው፤ መልእክቱን አንብቦ ማሽኑን ያስነሳዋል። በሩቅ ማሽን ግን አንባቢ የለም። ስለዚህ ከርነሉ ገና ሲነሳ “ከደነገጥህ 10 ሰከንድ ጠብቀህ ራስህን ዳግም አስነሳ” የሚል መመሪያ አብሮ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው በዝምታ መድረቅ ነው። ከርነሉ አልደነገጠም፣ አልጮኸም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። መደንገጡን ያላወቀ ከርነል ራሱን ሊያስነሳ አይችልም። ለዚህ የሚያገለግለው “ዋችዶግ” የሚባል ራሱን የቻለ ሰዓት ቆጣሪ ነው። እንደ ሌሊት ዘብ ነው። የማሽኑ ሶፍትዌር በየተወሰነ ሰከንዱ “ደኅና ነኝ” እያለ ምልክት ይሰጠዋል። ምልክቱ ከቀረ ዘቡ ማንንም ሳይጠይቅ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳዋል። ቆጠራው መጀመር ያለበት ግን አዲሱ ከርነል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ዘቡን የሚቀሰቅሰው አዲሱ ከርነል ራሱ ከሆነ፣ ከርነሉ ገና በመነሻው ሲደርቅ ዘቡ ተኝቶ ይቀራል።

ሦስተኛው ከሁሉም አሳሳች ነው። ከርነሉ በሰላም ተነስቷል፤ ፕሮግራሞቹ ይሠራሉ፤ ዘቡም ምልክቱን እያገኘ ነው። የኔትወርክ ካርዱን የሚያዘው ክፍል ግን ከአዲሱ ከርነል ጋር አልተስማማም። ማሽኑ በራሱ ዓይን ጤነኛ ነው፤ በባለሙያው ዓይን ግን ሞቷል። እዚህ ላይ ዳኛው ማሽኑ ሳይሆን ሰውየው መሆን አለበት። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ የሚጀምር አንድ ቀጠሮ ይያዛል፦ “በ15 ደቂቃ ውስጥ ሰው ገብቶ ካልሰረዘህ ማሽኑን ዳግም አስነሳ።” ባለሙያው መግባት ከቻለ ቀጠሮውን ይሰርዛል። ካልቻለ ደግሞ ጊዜው ሲሞላ ማሽኑ ራሱን አስነስቶ ወደ አሮጌው ከርነል ይመለሳል።

ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ሐሳብ አለ። ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠርም። አዲሱ ከርነል እንዲቀጥል በግልጽ መመስከር ያስፈልጋል፤ ምስክር ከታጣ ግን መመለስ ነው።

የመመለሻው መንገድ ራሱ ይፈተሽ

መከላከያዎቹን መደርደር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ግረብ ማስታወሻውን የሚያስቀምጠው ዲስኩ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። ዲስኮቹ በተወሰኑ የተወሳሰቡ አደረጃጀቶች ሲጣመሩ ግረብ ፋይሏን ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ ግን አይችልም። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ “ለአንድ ጊዜ ብቻ” የሚለው ማስታወሻ ሳይሰረዝ ይቀርና ማሽኑ የወደቀውን ከርነል ደጋግሞ ያስነሳል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች አዲሱን ከርነል ከመሞከራቸው በፊት የመመለሻውን መንገድ በታመነው ከርነል ይሞክሩታል። የዚያኑ አሮጌ ከርነል ቅጂ በሌላ ስም አስቀምጠው “ለአንድ ጊዜ” ያስነሱታል፤ ከዚያም ሆን ብለው እንዲደነግጥ ያዙታል። ማሽኑ በራሱ ከተመለሰ መረቡ መዘርጋቱ ተረጋገጠ። ካልተመለሰም ጉድለቱ የታወቀው በሚታወቅ ከርነል ላይ፣ ሰው ተዘጋጅቶ ባለበት ሰዓት ነው።

ሌላው አስቀድሞ የሚታሰብበት ነገር የውጭ እጅ ነው። አብዛኞቹ የመረጃ ማዕከል ሰርቨሮች ከዋናው ኮምፒውተር የተለየች አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር በውስጣቸው አለች። ዋናው ቢደርቅም እርሷ ነቅታ ትጠብቃለች። በእርሷ በኩል ከሩቅ ሆኖ ማጥፋትና ማብራት፣ ስክሪኑንም ማየት ይቻላል። ይህች በር ኃይሏ ብዙ በመሆኑ ለአደባባይ ኢንተርኔት ክፍት መሆን የለባትም፤ ማሽኑን ለማዳን የተሠራ በር ለሌባም ያገለግላልና።

ማሽኑ ቢመለስም የወደቀበት ምክንያት ካልታወቀ ሙከራው ፍሬ የለውም። በመሆኑም ከርነሉ ሲወድቅ የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ሌላ ቦታ እንዲመዘገብ ይደረጋል። የሊኑክስ ከርነል መልእክቶቹን በኔትወርክ ወደ ጎረቤት ማሽን እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። በሲሪያል ገመድ የተገናኘ ሌላ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ መልእክቱን ገና ከመነሻው ጀምሮ ይቀበላል።

በኪስዎ ያለው ምሳሌ

ይህ ሁሉ ለሰርቨር ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ጥበብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአንድሮይድ ስልክ ያለው አንባቢ ይህንኑ አሠራር በኪሱ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ጎግል በ2016 በጎርጎርሳውያኑ ካወጣው አንድሮይድ 7.0 ጀምሮ፣ ይህን አሠራር በተቀበሉ ስልኮች ውስጥ ለሲስተሙ ሁለት ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ስልኩ በአንደኛው ቦታ ላይ እየሠራ ሳለ አዲሱ እትም፣ ከርነሉን ጨምሮ፣ በሁለተኛው ቦታ ላይ ይጻፋል። ባለቤቱ ስልኩን ዳግም ሲያስነሳ አስነሺው ፕሮግራም ሁለተኛውን ቦታ ይሞክራል። አዲሱ ሲስተም ተነስቶ ደኅንነቱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ቦታው “የተሳካ” የሚል ምልክት ያገኛል። የተፈቀደለት የሙከራ ብዛት ሳይሳካለት ካለቀ ስልኩ ወደ አንደኛው ቦታ ይመለሳል።

አሮጌው ሳይነካ፣ አዲሱ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ምስክርነት እስኪሰጥ በሙከራ ላይ ይቆያል። በእድሳቱ መካከል ባትሪ ቢያልቅ እንኳ የተበላሸው ያልተያዘው ቦታ ብቻ ነው። ስልኩን የሸጠው ድርጅት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቤት ጠጋኝ መላክ አይችልም። ለአምራቹ እያንዳንዱ የተሸጠ ስልክ ሩቅ ማሽን ነው።

ከጥቂት ወደ ብዙ

አንድን ማሽን በሰላም መመለስ መቻል አንድ ነገር ነው። ማሽኖቹ በሺህ ሲቆጠሩ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወድቀው በአንድ ጊዜ ቢመለሱስ? በዚያ መካከል አገልግሎቱ ተቋርጧል።

ስለዚህ አዲስ ከርነል የሚወጣበት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የሚነሳው በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው። ይህ በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር ስለሆነ ቢወድቅ የሚጎዳው የለም። ሆኖም የእውነተኛውን የኔትወርክ ካርድና የዲስክ መቆጣጠሪያ ጠባይ ሙሉ በሙሉ አያሳይም። በመሆኑም ሁለተኛው ደረጃ ከሩቁ ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ቁስ ያለው፣ ባለሙያው አጠገብ የተቀመጠ ማሽን ነው። ሦስተኛው ደረጃ አገልግሎት ላይ ካሉት መካከል አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ናቸው።

እነዚህን ጥቂቶች የሙያው ሰዎች “ካናሪ” ይሏቸዋል። ስያሜው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ይዘዋት ይወርዱ ከነበረችው ወፍ የመጣ ነው። መርዛማ ጋዝ ሲኖር ወፏ ከሰው ቀድማ ትዝለፈለፍ ነበርና ለቆፋሪዎቹ ማስጠንቀቂያ ትሆናቸው ነበር። ካናሪዎቹ ጥቂት ቀናት ያለ ችግር ከቆዩ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ይጨምራል። በዚህ ሂደት አንዱ የሌላው ምትክ የሆኑ ሁለት ማሽኖች በአንድ ቀን አይነኩም።

በሐምሌ 2016 የተላከችው ፋይል ይህን ደረጃ አላለፈችም፤ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ተላከች። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ማብራሪያ የዚህ ዓይነቶቹ ፋይሎች ከዚያ ወዲህ በደረጃ፣ ከጥቂት ወደ ብዙ እንደሚለቀቁ አስታውቋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ለቀማው ከጥንቃቄው ይልቅ ብዙ ቀን ፈጅቷል።

ከማርስ የመጣ ትምህርት

ከሩቅ ማሽኖች ሁሉ ሩቆቹ ከምድር ውጭ ያሉት ናቸው። በጥር 2004 በጎርጎርሳውያኑ በማርስ ላይ ያረፈችው ስፒሪት የተባለች የናሳ ተሽከርካሪ፣ ሥራ በጀመረች በሦስት ሳምንት ውስጥ ከምድር ጋር የነበራት መደበኛ ግንኙነት ተቋረጠ። ኮምፒውተሯ ሲነሳ በፍላሽ ማከማቻው ውስጥ የተከማቹትን ፋይሎች ለመዘርዘር የሚያስፈልገው ማኅደረ ትውስታ አልበቃውም፤ ስለዚህ ይወድቃል፣ ራሱን ያስነሳል፣ መልሶ ይወድቃል። ከ60 ጊዜ በላይ እንዲህ ተመላለሰ። ማታ መተኛት የነበረባት ተሽከርካሪ ነቅታ ስለምታድር ባትሪዋ እየተሟጠጠ ሄደ።

ዳግም መነሳት ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑን ይህ ያሳያል። ማሽኑ ከወደቀበት ወደዚያው የሚነሳ ከሆነ አዙሪት ነው። ስፒሪትን ያዳናት ንድፍ አውጪዎቿ ያስቀመጡላት ሌላ መንገድ ነበር። መሐንዲሶቹ ፍላሽ ማከማቻውን ጨርሶ ሳትነካ እንድትነሳ አዘዟት፤ ታዘዘች፤ ችግሩም ተለይቶ ታረመ። ለ90 የማርስ ቀናት ታስባ የነበረችው ተሽከርካሪ እስከ 2010 ድረስ ድምፅዋን አሰማች።

ቮያጀር 1 ደግሞ ከዚህም እጅግ የራቀች ናት። በ1977 የተወነጨፈችው ይህች መንኮራኩር በኅዳር 2023 የምትልከው መረጃ ትርጉም አልባ ሆነ። ምክንያቱ ከማኅደረ ትውስታዋ ክፍሎች የአንዷ መበላሸት ነበር። መሐንዲሶቹ በዚያ ክፍል የነበረውን ኮድ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነበረባቸው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላዛወሩም። መጀመሪያ የመንኮራኩሯን የራሷን ጤንነት የሚያስታውቀውን ክፍል ብቻ ለይተው ሚያዝያ 18 ቀን 2024 በጎርጎርሳውያኑ ላኩ። መልእክቱ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱም ለመምጣት ያንኑ ያህል ይፈጃል። ከሁለት ቀን በኋላ መልሱ መጣ፤ መንኮራኩሯ ስለ ራሷ ሁኔታ መናገር ጀመረች። የቀረውን ያዛወሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመው ያስተካከሉት “እንዴት ነሽ?” ሲባል መልስ የሚሰጠውን ክፍል ነበር።

መመለስ የማይቻልበት ጊዜ

እስካሁን የተባለው ሁሉ አሮጌው ከርነል ሲመለስ ቤቱን እንደተወው ያገኘዋል በሚል ግምት ላይ ቆሟል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አዲሱ ከርነል የዲስኩን አደረጃጀት አሮጌው ሊያነበው በማይችለው መልክ ከቀየረው መመለሻው በር ተዘግቷል። ስለዚህ በሙከራ ወቅት እንዲህ ያሉ ለውጦች አይፈቀዱም፤ አዲሱ ከርነል ከጸና በኋላ ለሌላ ቀን ይቀጠራሉ። የመረጃው ቅጂም ከማሽኑ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ከርነል የመመለሻ ዘዴ እንጂ ለጠፋ መረጃ ምትክ የለውምና።

መመለስም ቢሆን የመጨረሻ ማረፊያ አይደለም። አዲሱ ከርነል የመጣው የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን ከሆነ፣ ወደ አሮጌው የተመለሰ ማሽን ከነቀዳዳው ይኖራል። ምክንያቱ ተጣርቶ ሙከራው በቶሎ መደገም አለበት።

ትዕዛዙ ከመሰጠቱ በፊት

ማሽኑ ዳግም እንዲነሳ የሚያዘው ትዕዛዝ አንድ ቃል ነው። ጠንቃቃው ባለሙያ ግን ያን ቃል ከመጻፉ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቀርባል።

አሮጌው ከርነል በቦታው አለ? መደበኛ ምርጫውስ እርሱ ነው? አዲሱ ቢደነግጥ ራሱን ያስነሳል? በዝምታ ቢደርቅ የሚቆጥር ዘብ አለ? ተነስቶ ኔትወርክ ባይኖረው ሰው ሳይነካው የሚመለስበት ቀጠሮ ተይዟል? ይህ የመመለሻ መንገድ ራሱ በዚሁ ማሽን ላይ ተሞክሯል? የመጨረሻ ቃሉስ የት ይመዘገባል? ሁሉም ነገር ቢከሽፍ፣ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ዘንድ መድረስ የሚችል ሰው ማን ነው? ስልኩስ ይነሳል?

ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ ከሌለ ትዕዛዙ ለነገ ቢቆይ ይሻላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ብሂል ከወጥ ቤት አልፎ ለመረጃ ማዕከልም ይሠራል።

ማንም አዲሱ ከርነል እንደማይወድቅ ማረጋገጥ አይችልም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጽፉት ሥራ ስህተት አያጣውም። ማረጋገጥ የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፦ ሲወድቅ ሞያሌ ያለው መክፈያ ማሽን፣ ተራራው ላይ ያለው ማማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሰው ሳይጠብቅ በራሱ ወደሚያውቀው ቦታ መመለሱን። በማሽኖቹ ፊት ተሰልፈው ገንዘባቸውን፣ ቀጠሯቸውን ወይም የስልክ ጥሪያቸውን ለሚጠብቁ ሰዎች ከርነል ምን እንደሆነ ማወቅ ግድ አይሆንባቸውም። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ፣ በዚያች የዝምታ ደቂቃ ምን እንዳለፈ ሳያውቁት ይቀራሉ።